ስለ መስፈሪያና ስለ ሚዛን
በሪያድ ከተማ በሱለይማኒያ ሠፈር ለኢትዮጵያውያን ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር

የምናገርበት ጉዳይ ስሙ ሲጠራ ለጉባኤ የሚበቃ ላይመስል ይችላል፤ ይኸውም በጣሳ ወይም በኩባያ የሰፈርነው እህልና ዱቄት በሚዛን ሲመዘን ስንት ይሆናል፥ አንዱንስ ወደ ሌላው በምን ሥርዓት እንመልሰዋለን የሚለው ነው። ዳሩ ግን ሰው ከሚበላው፥ ከሚሸጠውና ከሚመጸውተው ነገር ሁሉ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ሊቃውንት የተከራከሩበት፥ መጻሕፍተ ሃይማኖትም ቸል ያላሉት ነገር ነው።

ዋናውን ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መስፈሪያ የሚነግረን እህሉ የያዘውን ቦታ ነው፤ ሚዛን ደግሞ የእህሉን የራሱን ብዛት ይነግረናል። እህሉ አንድ፥ ዕቃው አንድ፥ የምትሰፍረውም እጅ አንዲት ሆና እስከ ቆየች ድረስ ሁለቱ ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ፤ ከሦስቱ አንዱ የተለወጠ ዕለት ግን ይለያያሉ። እኛም ባሕር ተሻግረን የመጣን ሰዎች ሦስቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተለወጡብን ነን።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ቀኑን በሰው ማድ ቤት ቆመው የሚውሉ ናቸው። ቀን ለአሠሪዋ ቤተ ሰብ ከብሳ የተባለውን የሩዝ ምግብ የምትሠራ፥ ወይም በ2023 እ.ኤ.አ. የሳዑዲ ዓረቢያ ብሔራዊ ምግብ ተብሎ የተሰየመውን ጀሪሽ ከተከካ ስንዴ የምታማስል እኅታችን፥ ማታ ለራሷና ለጓደኞቿ የሚሆን የእንጀራ ሊጥ ታቦካለች። ልኩን ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ እናቲቱም በስልክ ስትጠየቅ ሦስት ጣሳ ዱቄት አድርጊ፥ ውሃውን ግን እያየሽ ጨምሪ ትላታለች። ቃሏ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእናቲቱ ጣሳ በጎንደር ወይም በደሴ ጓዳ ቀርቷል፥ ዱቄቷም ጤፍ ነው፤ ልጂቱ በእጇ ያለው የሪያድ ኩባያና የሩዝ ዱቄት ነው። ሊጡ ሲወፍርባት፥ እንጀራውም ዓይን አላወጣ ሲላት፥ ሙያዋን ትጠራጠራለች። የሙያ ጉድለት ግን የለባትም፤ የጎደላት ከመስፈሪያ ወደ ሚዛን የሚያደርሳት ቁጥር ነው።

አባቶቻችን እህልን በመስፈሪያ የለኩት ሚዛን ጠፍቶባቸው አይደለም። ወርቁን በወቄት ይመዝኑ ነበር፤ ቡናውም እስከ ዛሬ በፈረሱላ፥ ማለት በ17 ኪሎ ግራም፥ ሲቆጠር እንሰማለን። እህል ግን በየቤቱና በየዕለቱ የሚለካ ስለ ሆነ፥ ከድኻውም ከባለጸጋውም ቤት የማይታጣ መለኪያ ያስፈልገው ነበር፤ ስለዚህ በጭብጥና በእፍኝ፥ በጣሳና በላዳን፥ በቁናና በዳውላ ተሰፈረ። ለትንሿ ነገር የሰው እጅ ራሱ ዕቃ ሆነ፥ ለትልቁም ሴቶች በስፌት የሠሩት ቁና በቂ ነበር። ጉድለቱ ቁናው ከአውራጃ አውራጃ፥ እንዲያውም ከገበያ ገበያ መለያየቱ ነው። በአንዱ ገበያም ቢሆን ጠቡ አያልቅም፤ ሻጩ ዕቃውን በአፉ ልክ ሊያቆም ሲሻ ገዥዋ እስኪቆለል ድረስ ትጠብቃለች፤ እርሱ ሳይነካው ሊገለብጠው ሲል እርስዋ መታ መታ አድርጋ ታጠቀጥቀዋለች፥ በመጨረሻም መርቅልኝ ብላ እፍኝ ታስጨምራለች። ኪሎ ግራምና ኩንታል በሕግ ከገቡ በኋላ እንኳ ጣሳው ከጉልት ገበያ አልወጣም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን፥ አሁን በምንኖርበት ምድር በየዓመቱ የሚታየውን ምሳሌ ላንሣ። የረመዳን ጾም ሲፈጸም አቅም ያለው ሙስሊም ሁሉ ለራሱና ለሚያስተዳድረው ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ ነፍስ አንድ ሷዕ እህል ለድኾች ይሰጣል፤ ይህም ዘካተል ፊጥር ይባላል። ሷዕ የቦታ መለኪያ ነው፤ አንዱ ሷዕ አራት ሙድ ሲሆን፥ ሙድም መካከለኛ አካል ያለው ሰው ሁለት እጆቹን አጣምሮ የሚያፍሰው፥ እኛ እፍኝ የምንለው ያህል ነው። በሪያድ ግን የዒድ ሰሞን ሩዙ በከረጢት ተመዝኖ ይሸጣል። ታዲያ በነቢዩ ሙሐመድ ዘመን በመዲና የተሰፈረው ሷዕ ዛሬ ስንት ኪሎ ግራም ነው? ይህ ጥያቄ ከሺህ ዓመት በላይ ሊቃውንቱን ሲያመራምር ኖሯል።

በ8ኛው መቶ ዓመት ከታላቁ መምህር ከአቡ ሐኒፋ ደቀ መዛሙርት አንዱ የሆነውና በኋላም በኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ዋና ዳኛ የነበረው አቡ ዩሱፍ፥ በኢራቅ ትምህርት መሠረት ሷዕን ረጥል በሚባለው የክብደት መለኪያ 8 ረጥል አድርጎ ይቆጥር ነበር። ወደ መዲና በመጣ ጊዜ ግን የከተማይቱ ሰዎች የእኛ ሷዕ የነቢዩ ሷዕ ነው አሉት። ማስረጃ በጠየቃቸው ጊዜ፥ በማግስቱ ሃምሳ ያህል ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው መስፈሪያቸውን በኩታቸው ሥር ይዘው መጡ፤ እያንዳንዱም ይህን ከአባቴ ተቀበልሁ፥ አባቴም ከአባቱ ተቀበለ እያለ መሰከረ። አቡ ዩሱፍ ዕቃዎቹን ቢያስተያያቸው እኩል ሆነው አገኛቸው፤ ልካቸውም 5 ረጥልና ሢሶ ገደማ ነበር፤ እርሱም የመምህሩን ቃል ትቶ የመዲናን ልክ ተቀበለ ተብሎ ይተረካል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፥ ከ8 ረጥል ወደ 5 ከሢሶ መውረድ የሢሶ ልዩነት ስለ ሆነ፥ በመለኪያ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ጥቂት እንዳይደለ ያሳያል። ሁለተኛው፥ ሊቁ በክርክር ያልለቀቀውን አቋም በፊቱ የተደረደሩት መስፈሪያዎች አስለቀቁት።

ከእርሱ በኋላ በ13ኛው መቶ ዓመት በሶርያ የኖረው ኢማም አን-ነወዊ የጉዳዩን ሥር ነካው። ሷዕን በረጥል መወሰን ችግር ያለበት ነው አለ፥ ምክንያቱም ሷዕ የታወቀ መስፈሪያ ሆኖ ሳለ በውስጡ የሚገባው እህል እንደ ማሽላና እንደ ሽምብራ በዓይነት በተለየ ቁጥር ክብደቱም አብሮ ይለያያል። ዛሬ በየማድ ቤቱ የምንወድቅበትን ጉድጓድ ይህ ሊቅ ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት በግልጽ አይቶታል።

በዘመናችን ደግሞ በዚሁ አገር በቀሲም አውራጃ በዑነይዛ ያስተማሩትና በ2001 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሸይኽ ሙሐመድ ኢብን ዑሠይሚን፥ የነቢዩ ሷዕ በጥሩ ስንዴ ሲመዘን 2 ኪሎ ከ40 ግራም ነው ብለው ጻፉ። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከዚያ ቀጥሎ ያሳዩትን ዘዴ ነው፤ 2 ኪሎ ከ40 ግራም ጥሩ ስንዴ መዝነህ፥ ስንዴው ልክ የሚሞላውን ዕቃ ፈልግ፥ ከዚያ በኋላ ሌላውን እህል ሁሉ በዚያ ዕቃ ስፈር ይላሉ። ሚዛን አንድ ጊዜ ለዕቃው ይመሰክራል፥ ዕቃውም ከዚያ ወዲያ ለእህሉ ሁሉ ይመሰክራል ማለት ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ ቋሚ የፈትዋ ኮሚቴ በበኩሉ ሷዕን ወደ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ገምቶታል። በሁለቱ መጠኖች መካከል አንድ ኪሎ ግራም ያህል መኖሩ፥ ዕድሜያቸውን ለዚህ ትምህርት ለሰጡ ሰዎች እንኳ መስፈሪያን ወደ ሚዛን መመለስ ቀላል እንዳልሆነ ይመሰክራል።

እንግዲህ ወደ ተፈጥሮ እንመለስና ምክንያቱን እንመርምር። ዕቃ በእህል ሲሞላ በእህል ብቻ አይሞላም፤ በፍሬውና በፍሬው መካከል አየር አለ። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር በ1611 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፥ እኩል የሆኑ ድቡልቡል ነገሮችን የቱንም ያህል ተጠንቅቀን ብንደረድር ከቦታው ከመቶው 74 እጅ ያህል ቢይዙ ነው እንጂ ከዚያ አያልፉም፤ እንዲያው አፍስሰን ብንነቀንቃቸው ደግሞ ወደ 64 እጅ ገደማ ይደርሳሉ፥ የቀረው ባዶ ነው። የሚያስደንቀው ይህ ልክ በፍሬው ትልቅነትና ትንሽነት አለመለወጡ ነው። ሺህ ፍሬ ተመዝኖ አንድ ግራም የማይሞላው ጤፍና በጣት የሚቆጠረው ሽምብራ በአንድ የአሜሪካ ኩባያ፥ ማለት በ237 ሚሊ ሊትር፥ ቢሰፈሩ ጤፉ 193 ግራም፥ ሽምብራው 200 ግራም ይመዝናል፤ ምስር 192፥ ማሽላ 192፥ ሩዝ 185 ይሆናል። ያልተፈጨ ደረቅ እህል እንግዲህ ብዙ አይዋሽም፤ ልዩነቱ በገለባው ላይ ነው። በአሜሪካ የእህል ንግድ ቡሽል በሚባለው 35 ሊትር ገደማ በሚይዝ መስፈሪያ ስንዴ 27 ኪሎ፥ ገብስ 22 ኪሎ ገደማ፥ አጃ 14 ኪሎ ተኩል ተብሎ የተወሰነው፥ ገብስና አጃ ልብሳቸውን ለብሰው ስለሚሰፈሩ ነው።

እህሉ ሲፈጭ ግን ሥርዓቱ ይፈርሳል። ዱቄት እርስ በርሱ ይያያዛል፥ አየር ይቋጥራል፥ እንደ አፈሳሱም ይረጋል ወይም ይነፋል። በዚያው ኩባያ የሩዝ ዱቄት 158 ግራም፥ የስንዴ ዱቄት 125፥ የማሽላ ዱቄት 121፥ የሽምብራ ዱቄት 92 ግራም ያህል ይመዝናል። ሽምብራው ሳይፈጭ 200 የነበረው ተፈጭቶ ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ከዚህም በላይ አንዱ ዱቄት ራሱ በሁለት እጅ ሁለት ይሆናል፤ የስንዴ ዱቄቱን ነፍታ በማንኪያ እያነሣች በዝግታ ኩባያው ውስጥ ያፈሰሰች ሴት 120 ግራም ታገኛለች፤ ኩባያውን በከረጢቱ ውስጥ አጥልቃ የዛቀችውና ከገበታው ጋር መታ መታ ያደረገችው ግን 150 ግራም ልታደርስ ትችላለች። ሁለቱም ሴቶች አንድ ኩባያ አደረግሁ ቢሉ አልዋሹም።

ይህን በእንጀራችን ላይ እንየው። የጤፍ እህልና ዱቄት ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ተከልክሎ ስለ ኖረ፥ በዚህ በሪያድ ያለው ወገናችን እንጀራውን በስንዴ፥ በሩዝና በማሽላ ዱቄት መጋገር ለመደ። በሦስት ኩባያ የስንዴ ዱቄት የለመደች ሴት የስንዴው ዱቄት አልቆባት በሦስት ኩባያ የሩዝ ዱቄት ብትተካው፥ 375 ግራም የነበረው 474 ግራም ሆነ፤ መቶ ግራም ያህል ሳታውቀው ጨመረች። ውሃው እንደ ቀድሞው ከሆነ ሊጡ ይወፍራል፥ ለአምስት ሰው ያለችውም ለስድስት ይበቃል፤ የዱቄቱ ጠባይ መለየት ደግሞ በዚህ ላይ ይደመራል። ጥፋቱን ከእርሾው ወይም ከምጣዱ ትፈልገዋለች። በግራም ብትመዝን ኖሮ ግን ቢያንስ አንዱ ምክንያት ከፊቷ ይወገድላት ነበር፥ ከዚያ በኋላ የሚቀራት የዱቄቱን ጠባይ ማጥናት ብቻ ነው።

ኩባያ የሚባለውም አንድ አይደለም። የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በሌሎች አገሮች 250 የሆነ አለ፤ ከኤሌክትሪክ የሩዝ ማብሰያ ጋር የሚመጣው ትንሹ ኩባያ ደግሞ 180 ብቻ ነው። በመጽሐፍ የተጻፈውን አራት ኩባያ ሩዝ በማብሰያው ኩባያ የለካ ሰው ሦስት ኩባያ አደረገ ማለት ነው፥ እንግዳም በዚያ ቀን ቢመጣ ማእዱ ይጎድላል። በአሜሪካ ፋኒ ፋርመር የምትባል የምግብ አሠራር መምህርት በ1896 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፏ ኩባያውና ማንኪያው በአፉ ልክ በቢላዋ ጠርዝ እየተስተካከለ እንዲሰፈር አጥብቃ አስተማረች፤ በዚህም ለቁጥር የማይመቸውን ቁልል አስቀረች። ነገር ግን አፉን ማስተካከል በውስጡ የተቋጠረውን አየር አያስወጣም፤ ስለዚህ ትምህርቷ የመንገዱን እኩሌታ ያደርሰናል፥ የቀረውን ሚዛን ይፈጽመዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በ1795 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያን ግራምን ሲወስኑ በውሃ ላይ መሥርተውታልና፥ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ በአንድ ግራም ቢቆጠር ለማድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ የቤታችሁን ጣሳ ባዶውን በሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት፤ ከዚያ በውሃ እስከ አፉ ሙሉት። ሚዛኑ 400 ቢል ጣሳችሁ 400 ሚሊ ሊትር ነው ማለት ነው። ውሃውን ደፍታችሁ፥ ጣሳውን አድርቃችሁ፥ ሁልጊዜ በምትሰፍሩበት አኳኋን ሩዝ ሙሉበት፤ 312 ያህል ይመዝናል። ምስሩን፥ ዱቄቱን፥ ሽሮውን ሁሉ በየተራ እንዲሁ አድርጉ። የስንዴው ዱቄት 211 አካባቢ፥ የሩዙ ዱቄት 267 አካባቢ ይሆናል፤ የእናንተ ቁጥር ከዚህ ቢለይ ግን የእናንተን ያዙ፥ ምክንያቱም የዱቄቱ አፈጫጨት፥ የያዘው እርጥበትና የእጃችሁ ጠባይ በዚያ ቁጥር ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ሦስት ጣሳ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፥ የጣሳውን ቁጥር በሦስት አባዙና መዝኑ። ዕቃው ቢሰበር እንኳ ልኩ አይሰበርም።

እናቶቻችን ያለ ሚዛን ይህን ሁሉ ሙያ ሠርተውት የለምን የሚል ቢኖር፥ እውነቱን ነው። እናት በአንድ ጣሳ፥ ከአንድ ወፍጮ የወጣውን የአንድ ማሳ ጤፍ፥ በዚያችው እጅ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፍር ኖራለች፤ ቀድሜ የጠቀስኋቸው ሦስቱ ነገሮች ስላልተለወጡባት መስፈሪያዋ እንደ ሚዛን የታመነ ነበር። የቀረውን ልዩነት ደግሞ በዓይኗና በጣቷ ታቀናው ነበር፥ ውሃውን እያየሽ ማለቷም ይህ ነው። እኔ ሚዛንን የማቀርበው የእናቶችን ሙያ ለመሻር አይደለም፤ ሙያው በስደት አገር ለተወለዱ ልጆች ሳይጎድል እንዲደርስ ነው። እናቲቱን ያላየች፥ ጣሳዋንም ያልነካች ልጅ የእጅን ልክ ልትወርስ አትችልም፤ ግራሙን ግን ልትወርስ ትችላለች።

ስለ ፍትሕም አንድ ቃል ልጨምር። በኦሪት ዘጸአት እስራኤል በምድረ በዳ መናውን በጎሞር ሲሰፍሩ፥ ብዙ ለሰበሰበው እንዳልተረፈው፥ ጥቂት ለሰበሰበውም እንዳልጎደለበት ተጽፏል፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ መስፈሪያ እንዲኖር ያዝዛል። በቁርአንም 83ኛው ምዕራፍ ስሙን ያገኘው ለራሳቸው ሲሰፈርላቸው ሞልተው ተቀብለው ለሌላው ሲሰፍሩ ከሚያጎድሉት ነው፥ በእነርሱም ላይ ወዮታን ያውጃል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ጉባኤ አብረን ተቀምጠናልና፥ ሁለቱም መጻሕፍት ልክን ከአምልኮ ሥራ ጋር አንድ አድርገው መቁጠራቸውን ልብ እንበል። አብረው የሚኖሩ እኅቶች ወጪ ሲጋሩ፥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥም ሴት ሥራዋን ስትተምን፥ ልኩ ከታወቀ ቅሬታ አይኖርም፤ ለድኻ የሚሰጠውም እህል ልኩን አውቆ የሰጠ ሰው ሕሊናው ያርፋል።

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፤ ከእናንተ የምለምነው ነገር ቀላል ነው። በዚህ ሳምንት አንዲት የማድ ቤት ሚዛን ግዙ፥ አቅም ካነሰ ለአንድ ክፍል ሰው አንዲቷ ትበቃለች። በደብተር ላይ የእህሉን ስም፥ የዕቃውን ስምና የግራሙን ቁጥር ጻፉ፤ ዱቄቱ መነፋቱን ወይም መጠቅጠቁን፥ ዕቃው በአፉ ልክ መሞላቱን ወይም መቆለሉንም አትርሱ። ወደ አገር ቤትም ስትደውሉ፥ እናቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ፥ በጎረቤት ሱቅ ሚዛን እንኳ ቢሆን የጣሳቸውን ጤፍና የጣሳቸውን ሽሮ አንድ ጊዜ እንዲያስመዝኑላችሁ ጠይቋቸው፥ የነገሯችሁንም ቁጥር ከስማቸው ጋር በደብተራችሁ አስፍሩ።